የደሴና የኮምቦልቻ የኢሜይል ሰርቨሮችን በስልክ መስመር እንዴት እናገናኛለን?

ዋናው ቢሮ ደሴ ፒያሳ ነው እንበል። መጋዘኑ ደግሞ ኮምቦልቻ። በመሃል ሐረጎን ይዞ የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ኢንተርኔት ሲኖር ችግር የለም። ሲጠፋ ግን የዕቃ ማዘዣውም፣ የሽያጭ ሪፖርቱም ባለበት ይቆማል። መደበኛው ስልክ እየሠራ ከሆነ ኢሜይሉ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ሁለቱም ጋ አንድ አንድ ሞደም (የኮምፒውተር መረጃን በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ካለ ሰርቨሮቹ ራሳቸው ተደዋውለው ይለዋወጣሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ኢሜይል ያመላልስ የነበረው ፊዶኔት በሚባል መረብ፣ በስልክ ጥሪ ነው። ደብዳቤው ይጠራቀማል። አንዴ ይደወላል። የሁለቱም ወገን በዚያው ጥሪ ይሄዳል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሥራው ሁሉ ይህን ጥሪ አጭር ማድረግና መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ምንም እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እንተማመን። ሞደሙ ካርቶን ላይ 56 ኪሎቢት የሚል ታያላችሁ። አትመኑት። 56 የሚገኘው አንደኛው ወገን በዲጂታል መስመር ሲገባ ነው። ሁለቱም ተራ የስልክ መስመር ከሆኑ ጣሪያው 33.6 ኪሎቢት ነው፤ በሰከንድ 4 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው። 20 ኪሎባይት የሆነች ደብዳቤ በ5 ሰከንድ ትሄዳለች። 1 ሜጋባይት የሆነ ስካን ግን ኢሜይል ላይ ሲለጠፍ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ ከ5 ደቂቃ በላይ መስመሩን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ለጽሑፍ ግሩም ነው፣ ለፎቶና ለቪዲዮ አይሆንም። 16 ጊጋባይት ፋይል ያለው ሰው ፍላሹን ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይስጠው። ሚኒባሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርስለታል። ሞደሙ ከ40 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

መስመሩን ፈትሹ

የሚያስፈልገው የድሮው ባለሽቦ መስመር ነው። ሞባይልም ሆነ ድምፅን በኢንተርኔት የሚያሳልፍ ስልክ ለሰው ንግግር ተብሎ ድምፁን ስለሚጨምቀው ሞደሞቹ አይግባቡም። ቀፎውን አንሱና አንድ ቁጥር ተጫኑ። የመደወያው ድምፅ ይጠፋል። ያኔ ዝም ካለ ጥሩ ነው። ከተንኮሻኮሸ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን አሠሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ግድግዳ ላይ ያለው የዛገ መገጣጠሚያ ነው።

ሦስት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በዚያው መስመር ብሮድባንድ ካለ ሞደሙን በስፕሊተሩ (ስልኩንና ብሮድባንዱን በሚለየው ማከፋፈያ) የስልክ ቀዳዳ በኩል አገናኙት። የጥሪ መጠበቂያ አገልግሎት ካለ ይዘጋ፤ ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣ የምትሰማው ቲት ግንኙነቱን ልትበጥሰው ትችላለች። 9 ተጭኖ የሚወጣ የቢሮ ስልክ ከሆነ ከ9 በኋላ ኮማ አስገቡ። ሞደሙ ኮማ ሲያይ 2 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል።

ሞደሙ

ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ፣ መብራቶች ያሉትና የራሱ ሥራ ፈጻሚ ቺፕ ያለውን ምረጡ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰኩት ርካሾቹ ሥራውን ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ስለሚያሸክሙ ሰርቨሮቻችን በሚሠሩበት በሊኑክስ ላይ ራስ ምታት ናቸው። የመብረቅ መከላከያም ጨምሩ፤ ለመብራቱ ብቻ ሳይሆን ለስልክ ሽቦውም። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ቀጥሎ ሚኒኮም በተባለው ፕሮግራም ሞደሙን በእጅ ሞክሩት። ሞደሙ የተሰካበትን ወደብ ፍጥነት 115200 አድርጉ። ኤቲዜድ ብላችሁ ስትጽፉ «ኦኬ» ካለ ተግባብታችኋል። ከዚያ ኤቲዲቲ ብላችሁ የሌላኛውን ቢሮ ቁጥር አስከትሉ። ቀፎው ላይ የመደወያ ድምፅ እየሰማችሁ ሞደሙ «ኖ ዳያልቶን» ካላችሁ የመስመራችሁን ድምፅ አላወቀውም ማለት ነው። በመነሻ ትዕዛዙ ላይ ኤክስ3 ጨምሩ። የመደወያ ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል፤ መስመር መያዙን ግን አሁንም ይለያል። «ኮኔክት» እስኪል ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊጮህ ይችላል።

ማን ይደውል?

አንደኛው ብቻ። ሁለቱም ከደወሉ አንድ ቀን እኩል ይደውሉና ሁለቱም መስመሩ ተይዟል ይባላሉ። እኔ ቅርንጫፉ እንዲደውል፣ ዋናው ቢሮ እንዲያነሳ እመርጣለሁ፤ ነገ ሐይቅ ወይም ወልዲያ ሌላ ቅርንጫፍ ቢከፈት እሱም በዚያው ቁጥር ይገባል።

ደሴ ላይ ኤምጌቲ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ካነሳ በኋላ ነገሩን ሁለት ኮምፒውተሮችን በስልክ ጥሪ ለሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ለፒፒፒ፣ ያስረክባል። ኮምቦልቻ ላይ ፒፒፒና የመደወያ ስክሪፕቱ ይበቃሉ። ለዚህ ግንኙነት ብቻ የሚሆኑ ሁለት አድራሻዎች ስጡ፦ ለምሳሌ ደሴ 192.168.50.1፣ ኮምቦልቻ 192.168.50.2። የሁለቱን ቢሮ ሙሉ ኔትወርክ ለማገናኘት አትሞክሩ። አንዱ ኮምፒውተር አፕዴት ላውርድ ብሎ መስመሩን ከያዘው ደብዳቤው ቆሞ ያያል። ፒፒፒው ራሱን ዋና መውጫ እንዳያደርግም ከልክሉት።

ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ሊደውል ስለሚችል የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን። ማረጋገጫው ቻፕ በሚባለው የፒፒፒ ማረጋገጫ ዘዴ ይሁን፤ ቻፕ የይለፍ ቃሉን እንዳለ በሽቦው ላይ አይልክም።

የኢሜይል ሰርቨሩ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራማችን ፖስትፊክስ ደብዳቤ እንደደረሰው ወዲያው ለመላክ ይሞክራል። እኛ ደግሞ እንዲጠብቅ ነው የምንፈልገው። ስለዚህ «ማስተር» በሚባለው ፋይል ውስጥ ተራውን የኤስኤምቲፒ (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት ደንብ) መላኪያ መስመር ቅዱና ሌላ ስም ስጡት፤ «በስልክ» የሚል ትርጉም ያለው ቢሆን ደስ ይላል። የትኛው ደብዳቤ በየት እንደሚሄድ በሚወስነው የትራንስፖርት ሰንጠረዥ ላይ የኮምቦልቻ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ መላኪያ ወደ 192.168.50.2 እንዲሄድ ጻፉ። አድራሻውን በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ አድርጉት። ከዚያ «ዲፈር ትራንስፖርትስ» በሚለው ቅንብር ይህን መላኪያ ብቻ አስገቡ። የደሴው ሰርቨር የኢንተርኔት ደብዳቤውን እንደወትሮው ይልካል፣ የኮምቦልቻው ወረፋ ላይ ይቀመጣል። ኮምቦልቻም ላይ በደሴ አድራሻ ያንኑ ድገሙ።

ፒፒፒ ግንኙነቱ ሲከፈት በራሱ የሚያስኬደው «አይፒ አፕ» የሚባል ስክሪፕት አለ። በሁለቱም ሰርቨር ላይ ወረፋውን የሚያራግፈውን የፖስትፊክስ ትዕዛዝ እዚያ ውስጥ አስገቡ። በቃ፣ መስመሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ያላቸውን ይለቃሉ።

ፖስትፊክስ ሳይነኩት ለፈጣን ኢንተርኔት ነው የተዘጋጀው። የአንድ ደብዳቤ ጣሪያ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ይህ ሞደሙን ከ40 ደቂቃ በላይ ያስይዘዋል፣ ወደ 1 ሜጋባይት አውርዱት። ወደ አንድ ቦታ እስከ 20 ግንኙነት በአንዴ ይከፍታል፤ ለዚህ መላኪያ 1 ወይም 2 ይበቃል። ሳይደርስ የቀረ ደብዳቤን በ5 ቀን ለላኪው ይመልሳል። ስልኩም አብሮ ለሳምንት ቢጠፋስ? 10 ቀን አድርጉት።

መቼ ይደወል፣ መቼ ይዘጋ

ኮምቦልቻ ላይ ሥራን በተቀጠረ ሰዓት በሚያስጀምረው ፕሮግራም፣ በክሮን፣ ቀጠሮ ያዙ። በቀን 4 ጊዜ ለአንድ መጋዘን ይበቃል። ክሮን የእኛን ሰዓት አያውቅም፦ ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 9፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ለማለት 15 ብላችሁ ጻፉ። የቀድሞው ጥሪ ካላለቀ ሌላ እንዳይጀምርም ስክሪፕቱ መጀመሪያ ያጣራ።

መዝጊያውን ለፒፒፒ ስጡት። ለ90 ሰከንድ ምንም ካልተላለፈ ይዝጋ። ከዚያ በላይ ደግሞ የማይታለፍ ገደብ፣ ለምሳሌ 20 ደቂቃ፣ አስቀምጡ። ያለዚህ ገደብ አንድ የተንጠለጠለ ጥሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድራል፤ ሂሳቡም ከዚያው ይመጣል።

አሁን ሞክሩት። ትንሽ ደብዳቤ ከሁለቱም ወገን ላኩና ወረፋው ላይ መቀመጧን እዩ። ደውሉ፤ ወረፋው ባዶ መሆን አለበት። ከዚያ ትልቅ ደብዳቤ ላኩና በመሃል የስልኩን ሽቦ ንቀሉ። ደብዳቤው ወረፋው ላይ ካለ፣ በሚቀጥለው ጥሪም ከደረሰ፣ ሥራው አልቋል። አንዳንዴ ያው ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። መስመሩ የተቋረጠው ተቀባዩ ደብዳቤውን ከያዘ በኋላ «ደርሶኛል» ከማለቱ በፊት ከሆነ ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ይደግመዋል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ ለማስተካከል አትድከሙ፤ የመጋዘኑን ሰው ግን ያው ማዘዣ ደግሞ ቢመጣ ዕቃ ሁለቴ እንዳይጭን ንገሩት።