የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ ከፋይል እንዲወጣ

ርዕሰ መምህሩ ጠርተውህ «ከዛሬ ጀምሮ የትምህርት ቤት መሻሻል ኮሚቴ አባል ነህ» ካሉህ፣ መጀመሪያ የአምናውን ዕቅድ ፈልግ። አታጣውም። ማኅተም አለው፣ ሠንጠረዡም አምሯል። የካቻምናውን አጠገቡ አስቀምጥና አስተያይ። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ ሌላው እንዳለ ከሆነ አይግረምህ፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ኮፒ ፔስት ፈርሜ ወረዳ የላክሁ ሰው ነኝ።

የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራሙ ግን ለወረቀት አልተጀመረም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሩጫው ሁሉ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት ላይ ነበር። ገቡም። ክፍሉ ሞላ፣ ፈረቃ መጣ። ትምህርቱስ? በአገር አቀፉ ምዘና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ ነበር፤ በ1999 ወደ 40.9 ወረደ። ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጁን ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ፓኬጁ ስድስት ፕሮግራሞች ነበሩት፤ ከነሱ አንዱ የእኛው የትምህርት ቤት መሻሻል ነው። በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክና የሌሎች ለጋሾች ገንዘብ ሲጸድቅ ደግሞ ስኩል ግራንት መጣ፤ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለየትምህርት ቤቱ የሚደርስ ብር።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ትምህርት ቤቱ ራሱን ይገምግም፣ የባሰበትን ይምረጥ፣ ብሩን እዚያ ላይ ያውል። ነገሩ የሚበላሸው ግለ ግምገማው ላይ ነው። አራት ዓቢይ ርዕሶች አሉ፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አምስት ሰው ቢሮ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ለአራቱም ነጥብ ከሰጠ፣ ያው ራሱን ማመስገኑ ነው።

ስለዚህ ከቢሮ ውጣ። የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ያዝና ልጆቹን አንድ በአንድ በር ላይ አስነብባቸው። እኛ ይህን ስናደርግ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ፍጥነታቸው አስደንቆኝ ነበር፤ ገጹን ስገልጥባቸው ግን ዝም አሉ፤ ለካ ያንን ገጽ በቃላቸው ይዘውታል! እኛ ደግሞ ለንባብ ለራሳችን ጥሩ ነጥብ ሰጥተን ነበር። ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ታዲያ ከመጽሐፉ ማስነበብ ብቻ ስለማይበቃ፣ ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን አጭር አንቀጽ ራስህ ጽፈህ ሂድ።

ተማሪዎችንም ለብቻቸው ጠይቅ፤ መምህር ባለበት አያወሩም። ሴቶቹን ሴት መምህርት ትጠይቅ። ስለ መጸዳጃ ቤት የምትሰማው በሌላ መንገድ አይገኝም።

ቀጥሎ ምርጫ። አጥር የሚወደደው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ስለሚታይ! እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሣል። አጥር አያስፈልግም አልልም፤ ከብት ግቢው ውስጥ የሚግጥ ከሆነ ያስፈልጋል። ግን ሁለት ወይም ሦስት ጉዳይ ብቻ ምረጥ፣ አንዱ የግድ ክፍል ውስጥ ያለ ይሁን። «የተማሪዎችን የንባብ ክህሎት ማሳደግ» ብለህ አትጻፍ፣ ማንም አይጠየቅበትም። «እስከ ጥር መጨረሻ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁሉ አጭር አንቀጽ ያነባል፤ የሚያስተምረው የክፍሉ መምህር፣ የሚፈትነው ከሌላ ክፍል የመጣ መምህር» ብለህ ጻፍ። መምህራኑ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ቻለው።

ብሩን በተመለከተ፦ ስንት እንደመጣና በምን እንደወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፍ። በቃ። ወላጅ ስብሰባ የሚጠላው መዋጮ ሲፈለግ ብቻ ስለሚጠራ ነው፣ ስለዚህ ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን) ገንዘብ በማትጠይቅበት ቀን አንድ ጊዜ ጥራ።

ኢንስፔክሽንም አለልህ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ግብዓት (ሕንፃ፣ መምህርና መጽሐፍ የመሳሰለው) 25 በመቶ፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ይይዛል። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1 ነው፤ ይህም ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ክብደቱን ልብ በል፤ ግብዓት አነስተኛውን ድርሻ ይዞ ሳለ አብዛኛው ዕቅድ ስለ ግብዓት ነው የሚያወራው! የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ ደርሶህ ከሆነ ለግለ ግምገማህ መነሻ አድርገው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘህባቸውን ከሥር አስምርባቸው። አሁን «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ትምህርት ቤቶችን የማሻሻል ንቅናቄ ብዙ ግቢ እየታደሰ ነው፣ ደስ ይላል። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። እነዚህ ልጆች ፊደል የቆጠሩት ስኩል ግራንቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ጥር ላይ እነዚያኑ ልጆች በሌላ አንቀጽ እንደገና አስነብባቸው። ካልተሻሻሉ ዕቅዱን ቀይር፤ ኮሚቴው ሲወስን ቃለ ጉባኤ ያዝና የተሰረዘውንም የተጨመረውንም እዚያው ዕቅዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍ። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ከሠንጠረዡ በፊት የንባብ ውጤት የመዘገብክበትን ደብተር ስጠው።