የኢስትሮስን የብር ሳንቲም እንዴት መለየት ይቻላል?

ኢስትሮስ የሚሊጢን ከተማ ግሪኮች በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በጥቁር ባሕር ዳር፣ በዳኑብ ወንዝ መፍሰሻ አቅራቢያ የቆረቆሯት የንግድ ወደብ ናት፤ ዛሬ ፍርስራሿ በሩማንያ ይገኛል። በተለይ በ5ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሳተመችው የብር ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋል። መልኩን ማወቅ ቀላል ነው፤ ማመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በመልኩ ጀምሩ። ፊቱ ላይ ጢም የሌላቸው የሁለት ወጣቶች ራስ ጎን ለጎን አለ፤ አንደኛው የተዘቀዘቀ ነው። የሚዘቀዘቀው በአንዳንዱ የግራው፣ በሌላው የቀኙ ስለሆነ በዚህ አትጨነቁ። ምስጢሩን አንዳንዶች ከዳኑብ አፎች፣ ሌሎች ከምትወጣና ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር ያያይዙታል፤ የተረጋገጠ መልስ የለም። ጀርባው ላይ ዶልፊን የጨበጠ የባሕር ንስር፣ ከላዩም «ኢስትሪኤ» ተብለው የሚነበቡ ስድስት የግሪክ ፊደላት አሉ። ያው ንስርና ዶልፊን በሌላዋ የሚሊጢን ቅኝ ከተማ በሲኖፔም ሳንቲም ላይ አለ፤ የሲኖፔው ፊት ግን የሴት ራስ ነው።

ቀጥሎ መዝኑ። የግራም መቶኛ የሚያነብ የወርቅ ሰሪ ሚዛን ያስፈልጋል። ትልቁ ሳንቲም በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ግራም ነው፤ ከዚህ በጣም የቀለሉ ትናንሽ ሳንቲሞችም ታትመዋል።

ከዚያ እፍጋቱን፣ ማለትም ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኘውን፣ ለኩ። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ፣ ወለሉንም ግድግዳውንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ክብደቱን በአዲሱ ንባብ አካፍሉ፤ 5.60 ግራም ሳንቲም 0.54 ካነበበ ውጤቱ 10.4 ገደማ ነው። የንጹሕ ብር እፍጋት 10.49፣ የመዳብ 8.96 ስለሆነ፣ ወደ 9 የተጠጋ ቁጥር በብር የተለበጠ መዳብ ያስጠረጥራል። አንድ መቶኛ ግራም ብቻ ውጤቱን ስለሚያዛባው ልኬቱን ደጋግሙት። ጥሩ ውጤት ብሩን እንጂ ዘመኑን አይመሰክርም፤ አስመሳዮችም ጥሩ ብር ይገዛሉ።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የአጉሊ መነጽር ነው። እውነተኛው በመዶሻ የተመታ ነው፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ይሆናል፣ በምቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርዙን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ወይም የሞረድ ፋቂታ፣ በገጹም ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ካያችሁ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በሐራጅ ማኅደሮች ካሉ ፎቶግራፎች ጋር አስተያዩ። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ማተሚያ መመታታቸው የተለመደ ነው። የጠርዙ ቅርጽ፣ ስንጥቁና ጭረቱ ሁሉ አንድ ከሆነ ግን ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው። ማጭበርበሩ ተራ አይምሰላችሁ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገበያ የወጡት የጎረቤቶቿ የአፖሎኒያና የሜሴምብሪያ ትናንሽ ሳንቲሞች ባለሙያዎችን ለሁለት ከፍለው ካከራከሩ በኋላ ነው ሐሰተኛ የተባሉት።

እንደ ቤት ጌጥ በሎሚ ወይም በአመድ አትፈትጉት፤ ዋጋውም ማስረጃውም አብሮ ይታጠባል። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን ከየትና መቼ እንዳገኘው የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁት፤ ብዙ ሳንቲሞች በሕገወጥ ቁፋሮ ስለሚወጡ፣ ሰነድ የሌለውን ትቼ የማልፈው እኔ ነኝ፤ ምንም ያህል ቢያምር።