ባለአንድ ጠረጴዛ የፖከር ውድድርን በትንሽ ገንዘብ እንዴት መጫወት ይቻላል?

ዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ሁሉም እኩል ከፍሎ እኩል ቺፕ ይቀበላል፤ ቺፑ ያለቀበት ይነሳል፤ መጨረሻ የቀሩት ሦስቱ ሽልማቱን ይካፈላሉ። እዚህ የምናየው በጣም የተለመደውን ዓይነት ነው፦ ጨዋታው ኖ ሊሚት (የውርርድ ገደብ የሌለው) ቴክሳስ ሆልደም፣ መግቢያው 5 ዶላር፣ የአዘጋጁ ኮሚሽን 50 ሳንቲም፣ የእያንዳንዱ መነሻ 1,500 ቺፕ። ከሚሰበሰበው 45 ዶላር ውስጥ አንደኛው 22.50፣ ሁለተኛው 13.50፣ ሦስተኛው 9 ዶላር ይወስዳል። አራተኛ ሆኖ የወጣ ሰው ልክ እንደ ዘጠነኛው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የዚህ ውድድር ስልት ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

የትኛው እጅ የትኛውን እንደሚያሸንፍ የምታውቁ ከሆነ የቀረውን እዚህ ታገኛላችሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት

መጀመሪያ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት በገንዘብ ፖከር መጫወት የተፈቀደው በጥቂት ግዛቶች ብቻ ነው፤ ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያና ሚሺጋን ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ቁማር በሕግ ያስቀጣል፤ እዚያ ያለ ሰው በነፃ ቺፕ ብቻ ይለማመድ።

ቀጥሎ ገንዘባችሁን ለዩ። ለጨዋታ የምታስቀምጡት ቢያንስ 50 መግቢያ የሚሸፍን ይሁን፤ በ5.50 ሂሳብ 275 ዶላር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከቤት ኪራይም ከአስቤዛም የተነጠለ፣ ቢጠፋ ኑሮን የማያናጋ መሆን አለበት። ካልሆነላችሁ ባለ1 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ጀምሩ። ለምን 50? በሦስቱም ደረጃ እኩል ጊዜ የሚጨርስ ሰው ተሸላሚ በሆነ ቁጥር በአማካይ 15 ዶላር ይደርሰዋል። ያወጣውን ብቻ ለመመለስ እንኳ ከ100 ውድድር በ37ቱ መሸለም አለበት። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ተጫዋች አሥር ጊዜ ተከታትሎ ባዶ እጁን የሚወጣበት ዕድል 1 በመቶ ያህል ነው፤ በመቶዎች ለሚጫወት ሰው አይቀሬ ነገር ነው። ያ ወቅት ሲመጣ ኪሱ የሳሳ ሰው ፈርቶ ወይም ተናድዶ መጫወት ይጀምራል፤ ሁለቱም ያከስሩታል።

ቺፕን እንደ ገንዘብ አትቁጠሩ

ውድድሩ ሲጀመር የእናንተ 1,500 ቺፕ ዋጋው 5 ዶላር ነው። በመጀመሪያው እጅ አንድ ሰው አስወጥታችሁ 3,000 ቢኖራችሁስ? ቺፑ እጥፍ ሆነ፤ ዋጋው ግን 10 ዶላር አይሆንም። ለየደረጃው ያላችሁን ዕድል በሽልማቱ አባዝታችሁ ብትደምሩት 9.12 ዶላር ገደማ ይመጣል። ምክንያቱም ቺፑን በሙሉ የሰበሰበ ሰው እንኳ የሚወስደው የሽልማቱን ግማሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገና በጠዋቱ ያላችሁን ሁሉ ማስቀመጥ ካለባችሁ የማሸነፍ ዕድላችሁ ከ55 በመቶ በታች መሆን የለበትም። ጥንድ 7 ይዞ ከአስና ኪንግ ጋር መፋጠጥ ቢበዛ 55 በመቶ ነው፤ ያም ሰውየው በእርግጥ አስና ኪንግ ከያዘ ነው። የያዘው ጥንድ 10 ከሆነ ግን ዕድላችሁ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥንድ 7 ይዞ ለኦል ኢን (ቺፕን ሁሉ ለሚያስቀምጥ ውርርድ) ኮል ማለት፣ ማለትም ያንኑ ያህል አስቀምጦ መከተል፣ አደጋው ብቻ የሚተርፍ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

1. ብላይንዱ ትንሽ ሳለ፦ ብዙ ጣሉ

ብላይንድ ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስቀምጡት ቺፕ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10/20 (ትንሹ ብላይንድ 10፣ ትልቁ 20) ላይ ይጀምርና በየ10 ደቂቃው ወደ 15/30፣ 25/50፣ 50/100፣ 75/150፣ 100/200፣ ከዚያም 200/400 ይወጣል። ፈጣን በሚባለው ዓይነት የጊዜው ርዝመት ግማሽ ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ከአሥር እጅ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን መጣል ትክክል ነው። ሬይዝ አድርጋችሁ (ውርርዱን ከፍ አድርጋችሁ) የምትገቡባቸው ከ10 ጀምሮ ያሉ ጥንዶች፣ አስ-ኪንግ እና አስ-ኩዊን ናቸው። መጠኑ የትልቁ ብላይንድ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ከፊታችሁ ኮል ብቻ ብሎ የገባ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ አንድ ብላይንድ ጨምሩ። በ10/20 ሁለት ሰው ከገባ 100 ማለት ነው።

ትንንሽ ጥንዶች፣ ከ2 እስከ 9 ያሉት፣ በርካሽ ከተገኙ ፍሎፑን (መሐል ላይ መጀመሪያ የሚገለጡትን ሦስት የጋራ ካርታዎች) ለማየት ይጠቅማሉ። ከጥንዱ ጋር የምትመሳሰለው ሦስተኛዋ ካርታ ፍሎፕ ላይ የምትመጣው ከስምንት ጊዜ ተኩል አንዴ ነው። ስለዚህ መግቢያው ካላችሁ ቺፕ ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ 1,500 ላለው ሰው 75። ከመጣች በደንብ ተወራረዱ፤ ካልመጣች ያለ ቁጭት ጣሉ። ብላይንዱ 50/100 ከደረሰ በኋላ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ተዉት።

በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ የተቃዋሚዎቻችሁ ትልቁ ችግር ኮል ማብዛት ነው። አንዲት ጥንድ ይዘው እስከ መጨረሻ ይከተላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብለፍ ማድረግ (ደካማ እጅ ይዞ እንደ ጠንካራ መወራረድ) ቺፕን መወርወር ነው፤ የማይጥልን ሰው ማስፈራራት አይቻልም። ጥሩ እጅ ሲኖራችሁ ግን መሐል ካለው ሁለት ሦስተኛውን እየተወራረዳችሁ አስከፍሉት። ብዙ ጀማሪ አስ-አስ ይዞ «እንዳይሸሹብኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ አራት ሰው በነፃ ፍሎፕ ያይና አንዱ ሁለት ጥንድ ይሠራበታል።

ተጠንቀቁ፦ አስ-ጃክና ኪንግ-ኩዊን ቆንጆ ይመስላሉ። ቀድሞ ሬይዝ ያደረገ ሰው ካለ ግን ብዙ ጊዜ በአስ-ኪንግ ወይም በአስ-ኩዊን የተበለጡ ናቸው። ጥንድ ስትሠሩ የምታገኙት ትንሽ፣ ሌላው ከበለጣችሁ የምታጡት ብዙ ነው። ጣሏቸው።

2. መሐሉ ላይ፦ ቦታችሁን ተጠቀሙ

ብላይንዱ 50/100 እና 75/150 ሲደርስ ሁለት ሦስት ሰው ወጥቷል። ለእናንተም ከ12 እስከ 25 ትልቅ ብላይንድ የሚሆን ቺፕ ቀርቷል። አሁን ማንም ሳይገባ ተራው ሲደርሳችሁ፣ በተለይ በአዳዩ ቦታ ወይም ከእሱ ቀድሞ ባለው ወንበር ላይ ሆናችሁ፣ ሬይዙን የብላይንዱ ሁለት ተኩል እጥፍ አድርጉ። ሁለቱን ብላይንዶች ብቻ ብትሰበስቡም ትርፍ ነው። ከጀርባችሁ ኮል የሚያበዛ ሰው ከተቀመጠ ግን ይህን የምታደርጉት ጥሩ ካርታ ሲኖር ብቻ ነው።

15 ብላይንድ ይዞ ለሌላ ሰው ሬይዝ ኮል ማለት ከልማዶች ሁሉ ይከፋል። ከቺፓችሁ አምስተኛው ይሄዳል፤ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ፍሎፑ አይመታችሁም፤ ከዚያ መጣል ነው። እጁ ጠንካራ ከሆነ በላዩ ኦል ኢን ግቡ፤ ካልሆነ መጀመሪያውኑ ጣሉ።

3. ከ10 ብላይንድ በታች፦ ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም

እዚህ ላይ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ ኦል ኢን ወይም መጣል። ብላይንዱ 100/200፣ ቺፓችሁ 1,800 ነው እንበል። ሁሉም ከጣለላችሁ 300 ታገኛላችሁ፤ ካላችሁ ላይ ስድስተኛውን መጨመር ነው። በዙር አንድ ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው ብላይንድ አይበላውም።

ከፊታችሁ ማንም ካልገባ፣ ስድስት ሰው በቀረበት ጠረጴዛ በ9 ብላይንድ ለመነሻ የሚሆን ልኬት ይኸው፦

- መጀመሪያ የሚናገረው ወንበር ላይ፦ ከ5 ጀምሮ ያሉ ጥንዶች፣ ከአስ-10 ጀምሮ፣ ኪንግ-ኩዊን።
- በአዳዩ ቦታ፦ ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም አስ፣ ከኪንግ-8 ጀምሮ፣ ሁለቱም 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ካርታዎች።
- በትንሹ ብላይንድ፣ ከፊት ያለው ሰው ካርታ የሚጥል ዓይነት ከሆነ፦ ከእጆቹ ግማሽ ያህሉን።

ኦል ኢን የገባ ሰው በሁለት መንገድ ያሸንፋል፤ ወይ ሌሎቹ ይጥላሉ፣ ወይ ካርታው ያሸንፋል። ኮል ያለ ሰው ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ በአስ-5 ኦል ኢን መግባት ትክክል በሆነበት ቦታ ላይ፣ በዚያው አስ-5 ኮል ማለት ስህተት ይሆናል።

በብዛት የሚታየው ጥፋት ጥሩ ካርታ እየጠበቁ ማለቅ ነው። 600 ቺፕ እስኪቀራችሁ ጠብቃችሁ በዚያው 100/200 ኦል ኢን ብትገቡ፣ ትልቁ ብላይንድ 900 ለማግኘት 400 ብቻ ይጨምራል። ለዚህ 31 በመቶ ዕድል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ይዞ ይከተላችኋል። በ1,800 ብትገቡ ግን 2,100 ለማግኘት 1,600 ማውጣት አለበት፤ 43 በመቶ ያስፈልገዋል፤ ብዙ እጅ ይጥላል። ቺፑ አሁንም የሚያስፈራ ሳለ መንቀሳቀስ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

4. አራት ሰው ሲቀር

ለሦስት ይከፈላል፣ አራት ሰው አለ። ሰው ውድድሩን የሚያሸንፈውም የሚያጣውም እዚህ ነው፤ በጥሞና ተመልከቱት።

ብላይንዱ 200/400 ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው 13,500 ቺፕ በጠቅላላ 34 ብላይንድ አይሞላም። አራቱ እኩል 3,375 ቢይዙና እናንተ ትልቁ ብላይንድ ላይ ሳላችሁ ትንሹ ብላይንድ ኦል ኢን ቢገባ፣ ኮል ለማለት 60 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋችኋል። ቺፕን ብቻ ብታሰሉ ግን 44 በመቶ ይበቃ ነበር። ልዩነቱ አራተኛ ሆኖ የመውጣት ዋጋ ነው።

አሁን አንድ ሰው ሊያልቅበት ሲል እንየው። ትንሹ ብላይንድ 6,000፣ እናንተ ትልቁ ብላይንድ ላይ 4,000፣ ሦስተኛው 3,100፣ አራተኛው 400 ብቻ አላቸው። ባለ400ው በሚቀጥለው እጅ ትልቁ ብላይንድ ስለሆነ ወደደም ጠላም ቺፑ በሙሉ መሐል ይገባል። ሁለቱ ይጥላሉ፤ ባለ6,000ው ኦል ኢን ይላል። እናንተ አስ-ኪንግ አይታችኋል።

ብትጥሉ 3,600 ይቀራችኋል፤ ከሽልማቱ ያለው ዋጋ 13.50 ዶላር ነው። ኮል ብላችሁ ብታሸንፉ 8,000 ይኖራችኋል፤ ዋጋው 18.25። ብትሸነፉ ዜሮ። 13.50ን ለ18.25 ስታካፍሉ 74 በመቶ ይመጣል። አስ-ኪንግ፣ ሰውየው ካርታውን ሳያይ ቢገባ እንኳ፣ ከዘፈቀደ እጅ ጋር ያለው ዕድል 65 እስከ 67 በመቶ ነው። አይበቃም። ጥንድ 9ም (72 በመቶ) አይበቃም። ከጥንድ 10 ጀምሮ ያለው ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ያም ሰውየው በእርግጥ ማንኛውንም እጅ እየገፋ ከሆነ። አስ-ኪንግ መጣል ያማል፤ ግን በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አትራፊውን ከከሳሪው የሚለየው ይህች ውሳኔ ናት።

በተቃራኒው ባለ6,000ው እናንተ ብትሆኑስ? ያንኑ ስሌት በሌላው ላይ አዙሩት። መካከለኛ ቺፕ ያላቸው ሁለቱ ባለ400ው እስኪወጣ መታገሥ አለባቸው፤ እናንተ ደግሞ ደጋግማችሁ ኦል ኢን እያላችሁ ብላይንዳቸውን ሰብስቡ። ባለ400ውን ግን በዚህ መንገድ ማስፈራራት አትችሉም፤ እሱ የሚያጣው ነገር የለውም። እንዲሁም ጥግ ድረስ ኮል የሚል፣ ስለ ሽልማቱ የማያስብ ሰው ከፊታችሁ ካለ ይህን ጫና በእሱ ላይ አትሞክሩ። እያንዳንዱ ሰው ስንት ብላይንድ እንደቀረው ከእያንዳንዱ እጅ በፊት ቁጠሩ።

5. ሦስት፣ ከዚያ ሁለት

አራተኛው እንደወጣ 9 ዶላር በእጃችሁ ገብቷል። ብዙዎች እዚህ ዘና ይሉና መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ፤ ግን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ጭማሪ 4.50 ሲሆን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ያለው 9 ዶላር ነው። ከሌሎቹ አንዱ በጣም ትንሽ ቺፕ ካልቀረው በስተቀር ጥንቃቄውን ላላ አድርጉ፤ ለአንደኝነት ተጫወቱ።

ሁለት ስትቀሩ 13.50 ለሁለታችሁም ተረጋግጧል፤ የምትፎካከሩት በቀሪው 9 ዶላር ላይ ነው። እዚህ ላይ ብቻ ቺፕና ገንዘብ እኩል ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የማሸነፍ ዕድላችሁ ለመሐሉ የምትከፍሉት የሚጠይቀውን መቶኛ ከሞላ ኮል በሉ። የወንበሩ ደንብም ይቀየራል፦ አዳዩ ትንሹን ብላይንድ ያስቀምጣል፣ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ ይናገራል፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ ይናገራል። ማንኛውም አስ፣ ማንኛውም ጥንድ፣ አብዛኛው ኪንግ እዚህ ጠንካራ እጅ ነው። በ200/400 ከሁለታችሁ ትንሽ ቺፕ ያለው ሰው 10 ብላይንድ ወይም ከዚያ በታች ከያዘ፣ በአዳዩ ቦታ ሆናችሁ ከሁለት እጅ በአንዱ በላይ ኦል ኢን ግቡ። ተቃዋሚያችሁ ተደጋጋሚ ኮል ማለት ከጀመረ ደካሞቹን እጆች ቀንሱና በጠንካሮቹ ብቻ ግፉ።