የመመረቂያ አኒሜሽን እንዴት ይጨረሳል? አዲስ አበባ ላይ፣ በአንድ ላፕቶፕ

የመጨረሻ ዓመት የአኒሜሽን ተማሪ ከሆናችሁ ይሄኔ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አንድ ትልቅ ፊልም አለ። ሰባት ገጸ ባሕርይ፣ ጦርነት፣ ዝናብ፣ የሚበር ፈረስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የምታለቅስ እናት። እኔም እዚሁ ዓመት ላይ ነኝ። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ የማገኛቸው የዘርፉ ልጆችም የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ አሳጥሩት። አሳጥረነዋል ካላችሁ በኋላም እንደገና አሳጥሩት።

ሂሳቡ ይኸውና። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። በእጅ ስትስሉ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ስለምታቆዩት በሰከንድ 12 ስዕል ይበቃችኋል። እንዲያም ሆኖ አምስት ደቂቃ ማለት 3,600 ስዕል ነው፣ ያውም አንድ ሰው ብቻ ሲንቀሳቀስ። በቀን 20 ስዕል አጥርታችሁ ብታወጡ፣ ክፍል ለሚገባ ሰው ይህም ቀላል አይደለም፣ 180 ቀን ይፈጃል። ቀለሙ፣ ጀርባው፣ ድምፁ ገና አልተቆጠረም። ወደ 90 ሰከንድ ስታወርዱት ግን 1,080 ስዕል ይሆናል፣ 54 ቀን። ይሄ ይቻላል። ገናም ጥምቀትም ፋሲካም መሀል ይገባሉ፣ በበዓል ደግሞ ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከዲፌንስ ቀን፣ ሥራችሁን ለፈታኞች ከምታቀርቡበት ቀን፣ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻውን አንድ ወር ለሬንደር (ኮምፒውተሩ ትዕይንቱን አስልቶ የመጨረሻ ምስል ለሚያወጣበት)፣ ለድምፅና ለኤዲቲንግ ተዉት። የቀረው ለሥዕሉ ነው።

ታሪኩን አንድ ቦታና ሁለት ሰው ላይ አስቀምጡት። ለምሳሌ ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ አንድ የቀረች ወንበር። አለቀ፣ ፊልም ነው። ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት የሚያሳየውን ንድፍ፣ በወረቀት ሥሩት፣ በስልክ አንሱት፣ በራሳችሁ ድምፅ እየተረካችሁ በሰዓቱ ልክ ደርድሩትና አኒማቲክ አድርጉት። ከዚያ ከሙያው ውጪ ላለ ሰው አሳዩት፣ ለአክስታችሁ ወይም ለሰፈር ባለሱቁ። «ቆንጆ ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ሁሉም ሰው ቆንጆ ነው ይላችኋል። «ምን ተፈጠረ?» በሉ። መልሶ መተረክ ካቃተው ችግሩ ያለው ታሪኩ ላይ ነው፣ አሁን ማስተካከል ደግሞ በእርሳስና በላጲስ ብቻ ነው የሚያልቀው። ለዚህ ሥራ ጸጥታ ካስፈለጋችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ካፌ ከመረጣችሁ ማኪያቶውን ከማዘዛችሁ በፊት ሶኬቱ የት እንዳለ እዩ።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልቆይም። በብር ካርድ ለውጭ ሶፍትዌር በየወሩ መክፈል ለተማሪ ራስ ምታት ነው፣ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ኮፒ ደግሞ ከነቫይረሱ ነው የሚመጣው፣ እሱም ዲፌንስ ሳምንት ላይ ነው የሚነሳው። የባለ ሦስት ገጽታ አኒሜሽን መሥሪያው ብሌንደር ነጻ ነው፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ፔንስል ለባለ ሁለት ገጽታ ሥራም ይሆናል። ክሪታ ለስዕል ነጻ ነው። የባለ ሁለት ገጽታ አኒሜሽን መሥሪያው ኦፕንቱንዝም ነጻ ነው፤ የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሲጠቀምበት ከነበረው ቱንዝ የመጣና እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት የተደረገ ነው። ለኤዲቲንግ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ቅጂ ይበቃል። በሶፍትዌር ማነስ የቀረ ፊልም አለ ብዬ አላምንም።

በመብራት የቀረ ግን አለ። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አታድርጉ። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ከሄደ ቪዲዮው ተበላሽቶ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ወደ ፒኤንጂ ምስሎች አውጡት፣ እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ፋይል ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ ማለት ነው። ብሌንደር ላይ በአውትፑት ገጽ «ኦቨርራይት» የሚለውን ምልክት አጥፉት፣ ያኔ የተሠሩትን ፍሬሞች እየዘለለ ያልተሠሩት ላይ ብቻ ይሠራል። አንድ ነገር አስታውሱ፤ መብራቱ ሲሄድ እየተጻፈ የነበረው የመጨረሻው ምስል ግማሹ ተቆርጦ ሊቀር ስለሚችል እሱን ደምስሱትና ከዚያ አስጀምሩት።

ጊዜውንም ቀድማችሁ አስሉ። 90 ሰከንድ 2,160 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር ሞተር ሁለት ደቂቃ ከወሰደ 72 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ላፕቶፑ ሳይጠፋ። ላፕቶፓችሁ ያንን ካልቻለ ሳምፕሉን (ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃኑን ስንት ጊዜ እንደሚያሰላ) ቀንሱና የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጠፋውን ዲኖይዝ አብሩ፣ ወይም ኢቪ በሚባለው ሌላ ሞተር ሥሩት፣ እሱ በጣም ይፈጥናል። ብርሃኑ እንደ ሳይክልስ አያምርም፣ ግን ያለቀ ፊልም ይኖራችኋል። ላፕቶፑን አልጋ ላይ አታስቀምጡት፣ ይታፈንና ራሱን ያጠፋል። ፋይሉን ሦስት ቦታ ያዙ፤ ላፕቶፑ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ ሰው ቤት። ሃርድ ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ካለ እንደ አንድ ቁጠሩት፣ ቦርሳው ታክሲ ላይ ሲረሳ አብሮ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ከኢንተርኔት የተማርነው አረማመድ የማንም አይደለም። ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ አንድ ሰው አለ፣ ሁላችንም እሱን ነው የምንገለብጠው። ከአስተማሪ ቪዲዮው ውጡና ለገሃር ቁሙ። ነጠላዋን በአንድ እጅ ይዛ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ክብደቷን በየትኛው እግር ላይ ትጥላለች? መርካቶ ተሸካሚው ከጭነቱ ስር አንገቱን እንዴት ያዞራል? ታክሲ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ የትኛው የሰውነቱ ክፍል ነው ጸጥ የሚለው? ሰላምታ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ትከሻ መግጨት አለ፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደገፍ አድርጎ ጎንበስ ማለት አለ። «አዎ» ለማለትም ቃል የማያወጣ ሰው ሞልቷል፤ ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቅንድቡንም ከፍ ያደርጋል። ይህን ቅንድብ በትክክለኛው ቦታ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ተመልካቹን በሁለት ሰከንድ ይይዘዋል።

ለዚህ ጥናት ስልክ አውጥታችሁ ሰው አትቅረጹ፣ አንደኛ ነውር ነው፣ ሁለተኛ አራት ኪሎ አካባቢ ጥበቃ መጥቶ ሊያስደመስሳችሁ ይችላል። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ቪዲዮ ካስፈለጋችሁ ያያችሁትን ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ተውኑትና ያንን ቅረጹ።

የከንፈር እንቅስቃሴው ደግሞ የእኛው ፊደል ላይ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። ከውጭ የሚወርደው የአፍ ሠንጠረዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው፤ አማርኛ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ላይ ስትለጥፉት ዶክመንተሪ ላይ የተጫነ ትርጉም ይመስላል። ፊደል ገበታውን አምጡ። ራብዕ (እንደ «ላ») መንጋጋውን ይጥለዋል፣ አፉ ይሰፋል። ካዕብ («ሉ») ከንፈሩን ጠበብ አድርጎ ያሾለዋል፣ ሳብዕም («ሎ») ያከበዋል ግን ሰፋ አድርጎ። ሣልስና ኃምስ («ሊ» እና «ሌ») ወደ ጎን ይለጥጡታል፣ በአንድ አፍ ልትሠሯቸው ትችላላችሁ። ግዕዝና ሳድስ («ለ» እና «ል») በመጠኑ የተከፈተ አፍ ይበቃቸዋል፣ «ሀ» እና «አ» ከነሞክሼዎቻቸው ብቻ ግዕዝ ሆነው እንደ ራብዕ ነው የሚሰሙት። በዚህ ላይ የተዘጋ አፍ ለ«መ»፣ ለ«በ»፣ ለ«ፐ» እና ለ«ጰ»፣ ታችኛውን ከንፈር ጥርስ ስር የሚያስገባ አፍ ደግሞ ለ«ፈ»። ድምሩ ሰባት አፍ ነው።

ገጸ ባሕርይዋ «ሰላም» ስትል ገርበብ፣ ሰፊ፣ ዝግ። «እምቢ» ስትል ከንፈሯ ከ«ም» እስከ «ቢ» ድረስ ሳይከፈት ይቆያል፣ እዚያ ላይ አንድ ስዕል ጨምሩላት፣ እምቢታዋም ይጠነክራል። ለየፊደሉ አፍ አትቀያይሩ፣ በፍጥነት ሲነገር ይንቀጠቀጣል። ዝጉንና ሰፊውን አትሳቱ፣ የመሀሉን ዝለሉት። አፉ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀድሞ ቢገባ ለዓይን ይበልጥ ልክ ይሆናል።

ገጸ ባሕርይ ስትነድፉ የቤተ ክርስቲያን ስዕሎችን አጥኑ። ትልልቅ ዓይኖች፣ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት። በነባሩ አሣሣል ክፉው ሰው በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። አንድ ገጸ ባሕርይ መቼ ወደ ጎን እንደሚዞር በዚህ ልትወስኑ ትችላላችሁ፣ አያቶቻችሁ ወዲያው ይገባቸዋል። ጀርባ ላይ ደግሞ ታሪካችሁ መቼ እንደሆነ ወስኑ። ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ አንድ ቦታ አይደለም፣ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ የእግረኛ መንገዱም መብራቱም ሌላ ሆኗል። የድሮውን ከፈለጋችሁ የዘመድ አልበም ገልጡ። ጽሑፍ ስታስገቡ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የኢትዮጵያ ፊደሎችን ጫኑ፣ አለዚያ ታፔላው ላይ ባዶ ሳጥን ይደረደራል።

ድምፅ ቅጂ ሌሊት ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ወያላውም ጄኔሬተሩም ጋብ ይላል፣ ንጋት ላይ ደግሞ አዛኑም ቅዳሴውም ስለሚጀምር መሀሉን ተጠቀሙ። ቁም ሳጥን ክፈቱ፣ ልብሱ መሀል ስልኩን አስቀምጡ፣ ተናጋሪው ላይ ጋቢ አልብሱ። ይስቃሉ፣ ግን ድምፁ ንጹሕ ይሆናል። የታወቀ ዘፈን አታስገቡ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ ፌስቲቫሎችም የሙዚቃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ተማሪ ፈልጉና በጽሑፍ ተስማሙ፣ ስሙን ክሬዲት ላይ አስገቡ። ፈረንሳይ አኔሲ ላይ በየዓመቱ ሰኔ ገደማ የሚካሄደው የአኒሜሽን ፌስቲቫል ለመመረቂያ ፊልሞች የተለየ ውድድር አለው። መላክ ባታስቡም እንኳ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አሁኑኑ ሥሩ።

መሀል ላይ የጎን ሥራ ይመጣል። የአጎት ልጅ የሰርግ ጥሪ፣ የሆነ ሰው ሎጎ፣ «ሠላሳ ሰከንድ ካርቱን ብቻ ነው፣ ለናንተ ምን አላት»። ብሩ ያስፈልጋል፣ እምቢ በሉ አልልም። ግን ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ሳትቀበሉ ፋይል አትክፈቱ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉም ቀድማችሁ ተናገሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ላይ ምንም አትቀበሉ።

ለዲፌንስ ፊልሙን በኤምፒ4 አድርጋችሁ ሁለት ፍላሽ ላይ ጫኑ፣ አንድ ኮፒ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ላኩ። ከቀኑ በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ አጫውቱት፤ ፕሮጀክተር ጨለማ ቦታዎችን ይበላል፣ የማታ ትዕይንት ካላችሁ ብርሃኑን ጨምሩለት። ድምፁንም ሞክሩ። የክፍሉ ስፒከር ካላማራችሁ ከጓደኛ ተዋሱ፣ ዲቫይደርም ጨምራችሁ ያዙ።