ጅማን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጎበኙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጅማ እንግዳ አጥታ አታውቅም። አንዱ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ ይመጣል። አንዱ ለስብሰባ፣ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ በሽተኛ ለማስታመም። ሥራውን ይጨርስና አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል፣ መንገድ ዳር በርጩማ ይገዛል፣ ይመለሳል። "ጅማ እንዴት ናት?" ሲሉት "ለምለም ናት፣ ዝናቡ ግን!" ይላል። በቃ።

እዚህ ለምንኖር ሰዎች ይህ ያሳዝናል። ጅማ የምታሳየው ብዙ ነገር አላት። ችግሩ እንግዳው በየት ጀምሮ በየት እንደሚጨርስ የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው። በተደጋጋሚ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ

ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሰሙት ቅርብ ይመስላል። መንገዱ ግን በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን በረሃ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት እንደገና ይወጣል። በመኪና ለምትመጡ ቀኑን ሙሉ ያዙለት። አርብ መጥቶ እሑድ ለመመለስ ያሰበ ሰው የሚተርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሱንም ደክሞት ያሳልፈዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ጊዜ ያጠራችሁ በአውሮፕላን ኑ። ከቦሌ ተነስቶ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። በመኪና የምትመጡ ማለዳ ተነሱ፣ ሌሊት አትጓዙ። የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ሰሞን ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። ጅማ ከመድረሳችሁ በፊት የግልገል ጊቤ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ይታያል። እንቅልፍ ወስዷችሁ እንዳያልፋችሁ።

አልጋ ሳትይዙም አትምጡ፣ በተለይ በምርቃት ሰሞን። የአሁኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የቆመ ትልቅ ተቋም ነው። ተመራቂ ሲኖረው ቤተሰብ ከአራቱም አቅጣጫ ይጎርፋል። ያን ቀን አልጋ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

ጅሬንን "ጊዜ ከተረፈ" ብሎ ማቆየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

እንግዳ ሆቴሉ መሃል ከተማ ስለሆነ እዚያው ይጀምራል። አስፋልቱን ወጣ ወረድ ይልበታል፣ ሱቁን ያያል፣ አዌቱ ወንዝ ዳር አረፍ ይላል። የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ለመጨረሻው ቀን ይቀራል። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ይዘንባል፣ ወይም አውቶቡሱ ይደርሳል።

ጅማ ግን የተጀመረችው ከላይ ነው። የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ጅሬን ነበር፤ ከመሃል ከተማ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ያለው። ገበያው ሂርማታ ደግሞ ከሥር ሜዳው ላይ። ነጋዴው ከሩቅ አገር ቅፍለቱን እየነዳ መጥቶ ሂርማታ ይሰፍራል። ንጉሡ ከላይ ሆኖ ገበያውን ያስጠብቃል፣ ቀረጡን ይሰበስባል። ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 አገሩን ሲይዝ መንገድና ሕንፃ የጨመረው እዚያው ታች ነው። መጀመሪያ ጅሬን የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ከኮረብታው ላይ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ ሲወርድ እያንዳንዱ ሰፈር ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንዳለ ይገባዋል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነገሡ። ለአፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖሩ። በእናታቸው በገኔ ጉሚቲ ምክር ነው ይላል የአገሩ ሰው። ጎረቤታቸው የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በጦርነት ሲፈርስ ጅማ ከዚያ ጥፋት ተርፋለች። ቤተ መንግሥቱን ስታዩ ይህን ይዛችሁ እዩት፤ ያለዚያ አንድ ያረጀ የእንጨት ፎቅ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ፎቶ ለማንሳት አትጣደፉ። መጀመሪያ አስጎብኚ ያዙና የትኛው ክፍል ለምን ያገለግል እንደነበር ጠይቁ። ምሶሶዎቹን፣ የተጠረበውን እንጨት፣ ሰገነቱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሰገነቱ ሥር ያለው ሰፊ ግቢ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ነበር። መስጊዱ የጸሎት ቦታ ነው፤ ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ አለባበሳችሁም የሚመጥን ይሁን። የንጉሡ መቃብርም ከግቢው ብዙ አይርቅም።

ጠዋት ውጡ። ከሰዓት ደመናው ይወርድና ከኮረብታው የሚታየው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ባጃጅ ስትይዙ ኮንትራቱን የደርሶ መልስ አድርጉት፤ ለሚጠብቅበትም ጭምር ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ጅማ ሙዚየም ግቡ። የአባ ጅፋር መገልገያ ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው። ቤቱን አይታችሁ ስለመጣችሁ ዕቃው ይናገራችኋል።

ሐሙስን መሳት

የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በነገሥታቱ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደር አልነበረውም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይቆምበት ነበር። ዛሬም የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ያጣል። ከቻላችሁ ረቡዕ ግቡ።

ገበያው ውስጥ ማር አለ፣ ቅመም አለ፣ የሸክላ ዕቃ አለ፣ በየወቅቱ አቮካዶና ሙዝ በገፍ አለ። ማር ስትገዙ ስለረጋ ብቻ "ስኳር ገብቶበታል" አትበሉ። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ቅመሱ፣ ከየት ጫካ እንደመጣ ጠይቁ። የጌራ ማር ስሙ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልለምናችሁ፦ ከገጠር በእግሯ መጥታ ትንሽ ቅመም ዘርግታ ከተቀመጠች እናት ጋር በሁለት ብር አትከራከሩ።

በርጩማን ከላይ አይቶ መግዛት

የጅማ በርጩማ በመላው አገሪቱ ይታወቃል። ባለሦስት እግር ነው፤ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ይጠረባል። ምስማር የለም፣ ማጣበቂያ የለም። ብዙ ሰው ግን ቀለሙ ሲያብረቀርቅ አይቶ ይገዛና ወሩ ሳይሞላ መሃሉ ይሰነጠቅበታል።

ምክንያቱ እንጨቱ እርጥብ መሆኑ ነው። እርጥብ ግንድ ተጠርቦ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ወደ ደረቅ አገር ሲሄድ ይኮማተርና ይፈነዳል። ስለዚህ ገልብጡት። ከሥር በኩል ቫርኒሽ በደንብ ስለማይነካው እውነቱ እዚያ ይታያል። እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ እዩ፤ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከመቀመጫው ወደ እግሩ መውረድ አለበት። ከተቋረጠ ተጣብቋል ማለት ነው። ቀጭን ስንጥቅ በሰጋቱራና በሙጫ ተደፍኖ እንደሆነ ጣታችሁን አስኪዱበት፤ የተደፈነው ቦታ ይሻክራል። ከዚያ አንሡት። ከመጠኑ በላይ ከከበደ ገና አልደረቀም። እኩል የሆኑ ሁለት በርጩማዎችን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ጠራቢው ራሱ ካለ ከእሱ ግዙ። መቼ እንደተጠረበ ይነግራችኋል፣ ዋጋውም ለባለሙያው ይደርሳል። ቤት ስትደርሱ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

የቡና አገር መጥቶ ማኪያቶ ማዘዝ

ማኪያቶ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ለማኪያቶ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አያስፈልግም። ጅማ ውስጥ ቡና የሚጠጣው ጀበና ጋ ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ቡናው ዓይናችሁ እያየ ታጥቦ ሲቆላና ጭሱ ሲዞርላችሁ ተቀመጡ። መንገድ ዳር ከሆነ አንድ ስኒ ጠጥቶ መሄድ ነውር የለውም። ሰው ቤት ከተጠራችሁ ግን አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ፤ በረካው እስኪደርስ ቆዩ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

ስለ ግዢ ደግሞ፦ ቡና የሚለቀመው በብዛት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥሬ ቡና ስትገዙ እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለው ተዉት። ጥቁርና የተሰባበረ ፍሬ የበዛበትንም እንዲሁ። በጆንያ ጭናችሁ ለመውጣት ግን አታስቡ። ቡና በብዛት የሚጓጓዘው በፈቃድ ነው፣ መንገድ ላይም ፍተሻ አለ። ለቤት የሚሆን ያህል ግዙ፣ ምን ያህል መያዝ እንደሚቻል ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ፍተሻ የማያሳስበው የተቆላውና የታሸገው ነው።

ዝናቡን መናቅ

ጅማ ዝናቧ የሚጀምረው ክረምት እስኪገባ ጠብቆ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። መቼም ኑ፣ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ። ማታ ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ አይጠፋ። ወባም አለ፤ አጎበር ውስጥ ተኙ።

ሳይጠይቁ ማዘዝ፣ ሰላም ሳይሉ መጠየቅ

ጅማ ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ነው፣ ክርስቲያኑም አለ። ሥጋ ቤቱ የየራሱ ነው። የማን ሥጋ እንደሆነ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም፤ ሳይጠይቁ በልቶ በኋላ ማጉረምረም ነው የሚያስቀይመው። በረመዳን ቀን ላይ ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ማታ ግን ከተማው ይደምቃል። ረመዳን ላይ የምትመጡ ቀናችሁን በዚያ አስተካክሉ።

አማርኛ የሚሰማ ሰው በየቦታው ታገኛላችሁ። የብዙው ሰው የቤት ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። "አካም ጅርቱ?" ብላችሁ ጀምሩ፣ "ገለቶማ" ብላችሁ ጨርሱ። ትልቅ ሰው ፊት ቆማችሁ በቀጥታ "መንገዱ በየት ነው?" አትበሉ። ሰላምታው ይቅደም፣ ጤናውና ቤተሰቡ ይጠየቅ። ያኔ መንገዱን ሊያሳያችሁ አብሯችሁ የሚሄድ አይጠፋም።

ቦዬ ላይ ጉማሬን መዳፈር

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ቦዬ የሚባል ረግረግ አለ። ጉማሬ ይኖርበታል፣ ወፉም ብዙ ነው። ወደ ማምሻው መሄድ ጥሩ ነው። ግን ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል፣ በእሱና በውኃው መሃል ሰው ሲገባበት ደግሞ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥም ይገድላል። ከሩቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ እዩ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ጨለማ ሳይወድቅ ተመለሱ። ፕላስቲክ አትጣሉ፤ ረግረጉ እንደሆነ በየጊዜው እየጠበበ ነው።

አጋሮንና ቦንጋን በአንድ ቀን

የቡና መገኛ ነው የሚባለው ጮጬ በአጋሮ በኩል፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ቦንጋ ግን በሌላ አቅጣጫ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የከፋ ሰዎችም ቡና የተገኘው በእኛ ጫካ ነው ይላሉ፤ ዩኔስኮ ደኑን እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ማን ትክክል ነው ብላችሁ በአንዱ ቤት ሆናችሁ አትከራከሩ፤ ሁለቱንም እዩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረስ የሚሞክር ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው የሚውለው።

ቦንጋ እደሩ። በመንገዱ ላይ ሸቤ አካባቢ በለጠ የሚባለውን ጫካ ታገኛላችሁና ለማቆሚያ የሚሆን ሰዓት ተዉ። የረጅም ርቀት አውቶቡስ ማለዳ ስለሚነሳ ትኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ።