ኳሱ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ወገብዎን ይጠይቁ

የጎልፍ ኳሱ ድሮ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። አሁን ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ርቀቱም አጥሯል፤ በተለይ ከ12ኛው ቀዳዳ በኋላ። ተጫዋቹ አዲስ ድራይቨር (ለረጅም ምት የሚሆነውን ዱላ) ይገዛል፣ አሰልጣኝ ይቀጥራል፤ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወገቡ እንደሚይዘው ግን ለማንም አይናገርም። የሚያመው ሰው ሳይታወቀው ሕመሙን ይሸሻል፦ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ክብደቱን ወደ ግራ እግሩ ሳያሻግር ይመታል፣ የጎደለውን ኃይል በእጁ ሊያካክስ ይሞክራል። ዱላ ከመለወጥ በፊት የሚያመውን ቦታ መፈለግ ያዋጣል። የሚከተለው ለቀኝ እጅ ተጫዋች የተጻፈ ነው፤ ግራኝ ጎኑን ይገልብጥ።

ወገብ

ምልክት፦ ከጨዋታ በኋላ ወይም በማግስቱ ጠዋት የታችኛው ወገብ ይደርቃል፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል።

መነሻ፦ የታችኛው ወገብ አጥንቶች ጎንበስ ቀና ለማለት እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠሩም፤ እያንዳንዳቸው የሚዞሩት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ዙሩ መምጣት ያለበት ከዳሌና ከደረት አከርካሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ዳሌው ይደርቃል፤ ዳሌ ያልከፈለውን ዕዳ ወገብ ይከፍላል። ለመፈተን ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ጉልበቶችዎን ያጋጥሙ፣ ከዚያም ጉልበቱ ሳይነቃነቅ አንዱን እግር ከታች ወደ ውጪ ያውጡ፤ ሌላውንም እንዲሁ። የግራው በጉልህ ካነሰ ተጠርጣሪው ግራ ዳሌ ነው።

መፍትሄ፦ ዳሌው እስኪላላ ድረስ የግራ እግርዎን ጣቶች ትንሽ ወደ ዒላማው አዙረው ይቁሙ። ዱላውን ወደ ኋላ ሲሰቅሉ የግራ ተረከዝዎ ከመሬት ቢነሳ አይከልክሉት፤ ዝነኛው ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስም ተረከዙን እያነሳ ይመታ ነበር። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ድራይቨር መምዘዝ ይቅር፤ 10 ደቂቃ መራመድና በአጭር ዱላ በዝግታ መጀመር ይቀድማል።

ክርን

የውስጠኛው ጎን ሕመም «የጎልፈኛ ክርን» ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ክንድን ይይዛል። የውጪው ጎን «የቴኒስ ክርን» ነው፤ ቴኒስ ተጫውተው የማያውቁ ጎልፈኞችንም ግራ ክንዳቸውን አይምርም። መነሻቸው ተመሳሳይ ነው፦ ዱላውን እንደ መጥረቢያ ጨምድዶ መያዝ፣ ያረጀና የሚያንሸራትት የእጀታ ላስቲክ፣ በሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ የልምምድ ምንጣፍ መቶ ኳስ ያለ ዕረፍት መምታት። ላስቲኩን ይለውጡ (ከአዲስ ድራይቨር እጅግ ይረክሳል)፣ የኳሱን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ፣ ቀላል ክብደት ይዘው የእጅዎን አንጓ በጣም ቀስ ብለው ዝቅ ማድረግን ይለማመዱ። ጅማት በሳምንት አይድንም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል።

መዳፍ

ዱላው ድንገት መሬት ወይም የዛፍ ሥር ከመታ በኋላ በግራ መዳፍ፣ በትንሿ ጣት በኩል ካመመዎት፣ የእጀታው ጫፍ የሚያርፍባት መንጠቆ መሰል አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ተራ ራጅ ብዙ ጊዜ ይስታታል፣ ሲቲ ስካን ግን ያሳያታል፤ ስለዚህ ጎልፍ እንደሚጫወቱ ለሐኪሙ ይንገሩ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት እዚህ ላይ ጉዳት ነው።

ስለ ዝነኛው ጎልፈኛ «ታይገር ዉድስ በተሰበረ እግር አሸንፏል» የሚል ወዳጅ አይታጣም። እውነት ነው፤ በ2008 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ቶሪ ፓይንስ ሜዳ ላይ የአሜሪካን ኦፕን ውድድር ሲያሸንፍ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ የቅልጥሙ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ወዳጃችን የሚዘለው ቀጣዩን ነው፤ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የዓመቱ ቀሪ ውድድሮች አመለጡት። ወገቡ ደግሞ ከ2014 እስከ 2017 አራት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። በ2019 ኦገስታ ላይ የማስተርስ ውድድር አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ኮት እንደገና የለበሰው በአራተኛው ቀዶ ጥገና አጥንቶቹ ከተያያዙለትና ረጅም ጊዜ ካገገመ በኋላ ነው።

እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ሐኪም ዘንድ መሄድ አይዘግይ። በጭን መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ የደረት ሕመም ከመጣ ዱላውን እዚያው ትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌላው ሕመም ሲቀል ደግሞ መመለሻው ከቀዳዳው አጠገብ ካሉት አጫጭር ምቶች ይጀምር፤ ድራይቨሩ መጨረሻ ይምጣ።