የካክተስ ግሪንሃውስ ማራገቢያ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ካክተስን በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ቤት የሚያሳድግ ሰው፣ ተክሎቹ ሲቃጠሉበት ወይም ከሥራቸው ሲበሰብሱበት መጀመሪያ የሚታየው መፍትሔ ትልቅ ማራገቢያ መግዛት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ማራገቢያው ላልተሠራለት ሥራ በመሰማራቱ ነው። ለግሪንሃውስ የሚያስፈልጉት ማራገቢያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው የጋለውን አየር ወደ ውጭ የሚጥል አስወጪ ሲሆን ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ያለውን አየር ሳያስወጣ የሚያንቀሳቅስ አዘዋዋሪ ነው። የመጀመሪያው የቀኑን ሙቀት፣ ሁለተኛው የሌሊቱን እርጥበት ይመለከታል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች 6 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ማለትም 60 ሜትር ኩብ አየር የሚይዘውን ቤት መነሻ ያደረጉ ናቸው።

እኩለ ቀን ላይ ማራገቢያው እየሠራ ቤቱ ከመጠን በላይ ይሞቃል

አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። አንድ ቴርሞሜትር በቤቱ ውስጥ በተክሎቹ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሰቀል፤ ሌላው በውጭ ጥላ ሥር ይቀመጥና ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ሁለቱ ይነጻጸሩ። ውጭው 24 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ 34 ቢያሳይ አብዛኞቹ የካክተስ ዓይነቶች ያለ ችግር ይችሉታል። ልዩነቱ ከ12 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን መንስኤውን መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያው ሊሆን የሚችል መንስኤ የማራገቢያው አቅም ማነስ ነው። በግሪንሃውስ ሥራ የተለመደው መመሪያ በሞቃት ወቅት የቤቱ አየር በየደቂቃው አንድ ጊዜ ይቀየር የሚል ሲሆን፣ ለ60 ሜትር ኩብ ቤት በሰዓት 3,600 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህ መመሪያ ለእኛ ሁኔታ በሁለት ምክንያት ያንሳል። ቲማቲምም ሆነ ጽጌረዳ ቀን ቀን በቅጠሉ ውኃ እያተነነ ከፀሐይዋ ሙቀት ብዙውን ድርሻ ሲወስድ፣ ካክተስ ግን የሰውነቱን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ የሚከፍታቸው ሌሊት በመሆኑ ወደ ቤቱ የገባው ሙቀት ከሞላ ጎደል በሙሉ በአየሩ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ማራገቢያ በየትኛውም ከፍታ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህን ለማካካስ 3,600ን ለ0.75 ብናካፍል 4,800 ይመጣል። በእኔ ግምት የጥላ መረብ ለሌለው ቤት 4,800፣ ከፀሐይዋ ብርሃን 30 በመቶውን የሚያስቀር መረብ ለተዘረጋለት ደግሞ 3,600 በቂ ነው፤ መረቡ ከማራገቢያ ርካሽ በመሆኑም አስቀድሞ ቢታሰብበት ይመረጣል።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት ነገር አለ። በማራገቢያው ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማራገቢያው ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይከለክለው የሚያንቀሳቅሰውን አየር የሚገልጽ ነው። መዝጊያ፣ የነፍሳት መከላከያ መረብና ጠባብ መግቢያ ሲጨመሩበት ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ማራገቢያው ከ25 እስከ 30 ፓስካል በሚደርስ ግፊት ላይ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ይህ መረጃ ከሌለ ከተጻፈው ላይ ሩቡን ቀንሶ ማሰብ ደህና ጥንቃቄ ነው። ቁጥሩ በሲኤፍኤም፣ ማለትም በደቂቃ በሚቆጠር ኪዩቢክ ጫማ ከተጻፈ በ1.7 ሲባዛ በሰዓት ወደሚቆጠር ሜትር ኩብ ይለወጣል።

ሁለተኛው መንስኤ የመግቢያ ጥበት ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይኸው ነው። ማራገቢያው እየሠራ በሩን ለመክፈት ሲሞከር በሩ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ የሚጎብጥ ከሆነ፣ ወይም በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት የማራገቢያው ድምፅ የሚለወጥ ከሆነ፣ ቤቱ የታፈነው በመግቢያው ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ላይ የሚጨመር ትልቅ ማራገቢያ መብራት ከማባከን በቀር የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም። አየሩ በመግቢያው በሰከንድ 2 ሜትር ያህል እንዲያልፍ ከታሰበ፣ በሰዓት 4,800 ሜትር ኩብ ለሚያስወጣ ማራገቢያ 0.67 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። መግቢያው በደቃቅ የነፍሳት መረብ ከተሸፈነ ስፋቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ መረቡም አቧራ ስለሚይዝ በበጋ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት።

የቤቱ አንዱ ጫፍ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይግላል

ይህን ለመመርመር ከዕጣን የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። በትንሽ ማጨሻ ላይ ዕጣን አጭሶ በመደርደሪያዎቹ መካከል በቀስታ መዘዋወር፣ ጭሱም ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ነው። በሩ ከማራገቢያው አጠገብ በሆነበት ቤት ጭሱ ከበሩ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ማራገቢያው ሲወጣ ይታያል፤ በኋለኛው መደርደሪያ ላይ ግን ከማጨሻው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣና ጣሪያው ሥር ተኝቶ ይቀራል። በዚያ ጥግ ያሉት ተክሎች ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ቢሠራም ከእርሱ የሚያገኙት ነገር የለም።

መፍትሔው ማራገቢያውን ከመግቢያው ትይዩ በሆነው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርጎ መትከል፣ መግቢያውን ደግሞ ዝቅ አድርጎ በተቃራኒው ጫፍ መክፈትና ማራገቢያው በሚሠራበት ጊዜ አቅራቢያው ያለውን በር መዝጋት ነው። ማራገቢያው የሚተከለው ነፋስ በብዛት ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው በኩል ቢሆን ከነፋሱ ጋር አይታገልም።

በእንዲህ ያለ ጥግ የሚገኙ ተክሎች ላይ የሚታየውን ምልክት መለየትም ያስፈልጋል። በፀሐይዋ በኩል ብቻ የታየ፣ መጀመሪያ ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ በኋላ እንደ ቡሽ የሚደርቅ ጠባሳ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ የተክሉ ገላ ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው የአየር ሙቀት በላይ ስለሚግል ይከሰታል፤ ጠባሳውም አይጠፋም። በማደጊያው ጫፍ ዙሪያ በደቃቁ የተነሰነሰ ዝገት መሰል ቀለም ግን ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ሥራ ሊሆን ስለሚችል በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት። ቀይ ሸረሪት ሞቃትና ደረቅ ቦታን ይወዳል፤ የአየሩ መስተካከል መራባቱን ቢያዘገይም፣ አንዴ ከገባ በኋላ ለብቻው ሊታከም ይገባዋል።

ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ጠብታ ይዞ ያድራል፣ ተክሎቹም ከሥራቸው ይጠቁራሉ

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ሌሊቶች የቤቱ ሽፋን ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎትም እላዩ ላይ ውኃ ሆኖ ይሰበሰብና በተክሎቹ አናት ላይ ይንጠባጠባል። በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ አስወጪውን ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ያሠሩታል፤ ነገር ግን በሐምሌ ሌሊት ከውጭ የሚገባው አየር ከሚወጣው የማይሻል እርጥብ ስለሆነ የሚገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዘዋዋሪው ማራገቢያ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል በሰዓት ከ40 እስከ 50 ሜትር ኩብ ይታሰባል፤ ለ24 ካሬ ሜትር ቤታችን እያንዳንዳቸው ከ500 እስከ 600 ሜትር ኩብ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ትናንሽ ማራገቢያዎች ይበቃሉ። አንደኛው በአንዱ ጎን አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው በተቃራኒው ጎን ወደ ኋላ እንዲመልሰው ተደርገው፣ ከተክሎቹ ትንሽ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ሌሊቱን ሙሉ መሥራት አለባቸው። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከፌስታል የተቀደደ ቀጭን ቁራጭ በክር አስሮ በማሰሮዎቹ ቁመት ማንጠልጠል በቂ ነው፤ ቁራጩ በቀስታ ከተወዛወዘ ጥሩ ነው፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከቀረ ግን አየሩ በዝቷል። በማራገቢያው ፊት ለፊት ያሉት ማሰሮዎች ብቻ ቶሎ የሚደርቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማራገቢያውን ከፍ ማድረግ ወይም አቅጣጫውን ወደ መተላለፊያው ማዞር ይፈታዋል።

አስወጪው በክረምት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ጠዋት ነው። ፀሐይ ቤቱን ትንሽ ካሞቀችው በኋላ አየሩ ከተክሉና ከአፈሩ እርጥበትን ስለሚያነሣ፣ ያን ጊዜ ለአጭር ጊዜ አየሩን ማስወጣት እርጥበቱን አብሮ ያወጣዋል። ከዚህ ጋር ውኃ የማጠጫው ጊዜ ጠዋት እንዲሆን ያስፈልጋል። ሥሩ ጠቁሮ የለሰለሰ ተክልን ማራገቢያ አያድነውም፤ በጸዳ ቢላዋ ጤናማው ሥጋ እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ በጥላ ሥር ማቆየት ነው።

ማራገቢያው በየደቂቃው ይነሣል፣ ይቆማል

ሙቀቱን እየለካ ማራገቢያውን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ቴርሞስታት ፀሐይ ላይ ወይም በመግቢያው አፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ካልሆነም በመነሻውና በማቆሚያው መካከል ያለው ልዩነት ጠብቧል። በተክሎቹ ቁመት፣ በጥላ ሥር ተሰቅሎ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ያህል ይደረግ።

ማራገቢያው ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፣ ወይም በጣም ይግላል

ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ክንፉ በእጅ ሲገፋ በነፃነት የሚዞር ከሆነ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሟል፤ በባለሙያ ይቀየራል። ክንፉ ከከበደ ኩሽኔታው አልቋል ወይም አቧራና እርጥበት ገብቶበታል። ለቤት የተሠራ የጠረጴዛ ማራገቢያ በግሪንሃውስ ውስጥ ዕድሜው አጭር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም ቢያንስ አይፒ 54 የሚል፣ አቧራንና የውኃ ርጭትን መቋቋሙን የሚገልጽ መለያ ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማራገቢያ ከሆነ የተለየ መንስኤ አለ። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። በዚህ ምክንያት የተለመደው የኤሲ ሞተር ያለው ማራገቢያ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፣ የሚያንቀሳቅሰው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ላኪውን አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ 50/60 ኸርዝ የሚል መኖሩን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይቻላል።

መብራት ሲጠፋ ቤቱ በአጭር ጊዜ ይጋጋላል

በእኩለ ቀን ፀሐይ የተዘጋ ትንሽ ቤት ቶሎ ይግላል። ስለዚህ 4,800 ሜትር ኩብ የሚያስወጣ አንድ ማራገቢያ ከመግዛት እያንዳንዳቸው 2,400 የሚያስወጡ ሁለት ቢገዙ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ቀንም አንዱን ብቻ ማሠራት ይቻላል። መብራት ሲቋረጥ ግን ሁለቱም ስለሚቆሙ፣ በጣሪያው ጫፍ ላይ በእጅ የሚከፈት መስኮት ሊኖር ይገባል፤ የሞቀው አየር በዚያ እየወጣ በታችኛው መግቢያ ቀዝቃዛው ይተካዋል። በቀጥታ ከፀሐይ ፓነል ጋር የሚሠራ ማራገቢያም ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት አብሮ ስለሚበረታ ለአስወጪነት ተስማሚ ነው፤ ባትሪ ካልተጨመረበት ግን ሌሊት ስለማይሠራ የአዘዋዋሪውን ሥራ ለእርሱ መስጠት አይቻልም።